የጋሽ በድሉ ሳጥንና የመጨረሻዋ ቺፕ

በቢሾፍቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞች ዘንድ፣ አንዱ አላውቅም ማለት ሲያሳፍረው ሌላው ጣል የሚያደርግለት አባባል አለ። እንግዳ ሰው ሲሰማው ስለ አንድ ትልቅ የቅኔ መምህር የተነገረ ይመስለዋል። የለም፤ መነሻው የጫጩት መፈልፈያ ነው።

ጋሽ በድሉ ሃያ ዓመት የሠሩበት አንድ ግራጫ ሳጥን ነበራቸው። ማይክሮኮንትሮለር የሚባለውን፣ ማሽን የሚያዘውን ትንሽ ቺፕ ሳጥኑ ላይ ይሰኩና ከኮምፒውተራቸው ፕሮግራሙን ይጽፉበታል። በዚያ ሳጥን ያላዳኑት ማሽን የለም ይባላል፤ ባዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ናቸው።

አንድ ጠዋት ዶሮ አርቢዋ የሺመቤት እያለከለከች ገባች።

«ጋሽ በድሉ፣ መፈልፈያዬ ቀጥ አለብኝ! አራት መቶ እንቁላል አለበት። ሊፈለፈል ሦስት ቀን ሲቀረው!»

«እንቁላሉ አሁን በምን ይሞቃል?»

«በየሃይላንዱ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ የቤቱን ጋቢ ሁሉ አልብሼዋለሁ። ግን ከዛሬ የሚያልፍ አይመስለኝም።»

የተቃጠለው ቺፑ ነበር። ጋሽ በድሉ ወደ ዕቃ መደብር ላኳት። የድሮው ዓይነት መምጣት አቁሟል ተባለችና በምትኩ የወጣውን አዲሱን ይዛ መጣች፤ በመደብሩ የነበሩትም እነዚያው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጋሽ በድሉ አንዱን ሰኩና ስሙን ሳጥኑ ከሚያውቃቸው ቺፖች ዝርዝር ውስጥ ፈለጉ። የለም። ሳጥኑ ሲሠራ ይህ ቺፕ ገና አልተወለደም።

ደጃፉ ላይ ልብስ የሚሰፉት ሽማግሌው አባባ ቶሎሳ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ። «ሦስተኛው ሱቅ ያለችውን ጠጋኟን ሰሚራን ብትጠይቃትስ?»

«ብየዳ ያስተማርኳትን ልጅ ልጠይቅ? ምን ቆርጦኝ! ይኸው ታላቅ ወንድሙ እዚህ አለ» አሉና ከዝርዝሩ የሚቀርበውን ስም መረጡ። «የታላቅ ልብስ ለታናሽ ይሆናል።»

«ሳይለካ?» አሉ አባባ ቶሎሳ።

ጋሽ በድሉ «ጻፍ» የሚለውን ተጫኑ። ቺፑ ጋለ፣ ሸተተ፣ ከዚያ በኋላ ቢጠሩት አልሰማም። ለካ የድሮው ቺፕ ሲጻፍበት አሥራ ሦስት ቮልት ይችላል፤ ታናሹ ግን ከዘጠኝ በላይ አይችልም። የሺመቤት ብትጮህ ይሻላቸው ነበር። የቀረችውን አንዲት ቺፕ ከፊታቸው አንሥታ መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት። ጋሽ በድሉ ከልባቸው አፈሩ።

«እሷን አንቺው ያዣት። ተከተይኝ» አሉና ሳጥናቸውንና ላፕቶፓቸውን አቅፈው ወጡ። ሦስተኛው ሱቅ ያን ቀን ርቆባቸው ነበር።

ሰሚራ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጋሼ! ምነው፣ በደህና?»

«ሳጥኔ ይህን ቺፕ አያውቀውም። እኔም አላወቅኩትም፤ አንዱን አቃጠልኩባት። እስቲ አሳዪኝ።»

አዲስ ሳጥን ታወጣለች ብለው ሲጠብቁ፣ ሰሚራ ከመሳቢያዋ አንዲት ፍላሽ አወጣች።

«ሳጥኑማ ምን ሆነ? የእኔም እንደዚሁ አሮጌ ነው። የቆየው ዝርዝሩ ነው፤ አዲሶቹ ሲወጡ አልነገሩትም።»

ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰክታ አዲሱን ዝርዝር ጫነችለት። የቺፑ ስም ከነቮልት ልኩ ብቅ አለ። ሳጥኑም ቮልቱን ወደ ዘጠኝ ዝቅ አድርጎ ፕሮግራሙን ሳይንገራገር ጻፈ። ጋሽ በድሉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ሃያ ዓመት አብረውት ሲኖሩ ዝቅ ማለት እንደሚችል አያውቁም ነበር።

ከሰዓት በኋላ መፈልፈያው ሞቀ። በሳምንቱ የሺመቤት ሦስት መቶ አርባ ጫጩት እንዳገኘች እየተፍለቀለቀች ልትነግራቸው መጣች፤ ስድስቱን በካርቶን ይዛላቸው ነበር። ጋሽ በድሉ አንዷን አንሥተው ግራጫው ሳጥን ላይ አቆሟት። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ሰሚራንም ጠርተው ሦስቱን አካፈሏት።

«አዩ አባባ» አሉ እየሳቁ፣ «እኔ እኮ ሳጥኔ አርጅቶ አከተመለት ብዬ ነበር።»

አባባ ቶሎሳ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው፣ ሳጥኑንም ባለሳጥኑንም አየት አደረጉና «እንግዲህ በድሉ፣ ሊቅ ሲያረጅ፣ ከደቂቅ ይጠይቅ» አሉ።