ዳር ዳሩን የተበላው ቁርበት

አንድ ጊዜ፣ ጅብና አህያ ገና ሳይጣሉ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ስታጭድ ከርማ ሰባት እስር ድርቆሽ ያዘጋጀች አንዲት አህያ ነበረች። እስር ስላችሁ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ! አንዱን ዝሆን ላይ ብትጭኑት፣ ዝሆኑ በሆዱ ተኝቶ እናቱን ይጣራ ነበር።

ድርቆሹ ያለው ሜዳው ላይ ነው፤ የሚገባበት የቆርቆሮ ዳስ ደግሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ። ትራክተር የላትም ወይ እንዳትሉኝ። የመንደሩ ትራክተር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ከመቆየቱ የተነሳ፣ ወንበሩ ላይ የተፈለፈሉ ጫጩቶች አርጅተው የልጅ ልጅ አይተዋል።

በዚህ መሀል ሰማዩ ያለ ወሩ ጠቆረ። ዝናብ ከቀደማት ድርቆሹ ይሻግታል፤ ከሻገተ ደግሞ በጋውን ሙሉ የምትቀምሰው የላትም። አንዱን እስር እንደምንም በጀርባዋ ተሸከመች። አሥር እርምጃ ሳትሄድ ተንበረከከች።

«ምነው እመት አህያ፣ ጸሎት ላይ ነሽ እንዴ?» አላት በዚያ የሚያልፍ ቀበሮ።

«ደክሞኝ ነው፣ አያ ቀበሮ። ገና ሰባቱም እዚሁ ናቸው።»

«በጀርባ ማን ተሸከሚ አለሽ! ያንን ዳስሽ ውስጥ ያለውን የበሬ ቁርበት አንጥፊ። ፀጉሩ ወደ ታች፣ አንገቱ ወደ ፊት ይሁን፤ እንደ ቅቤ ይንሸራተትልሻል። አያ ጅቦ ከአንቺ ጋር ይጎትታል።»

«የምተኛበትን? ደግሞስ ጅቦን በምን ልክፈለው?»

«ሥራው ሲያልቅ ቁርበቱን ይውሰዳ!»

ተጠርቶ የመጣው ጅብ ይህን ሲሰማ ምራቁ ጅረት ሆኖ ወረደ፤ ሁለት እንቁራሪቶችም ዋኙበት።

በቁርበቱ አንገት በኩል ባለው ቀዳዳ ገመድ አስረው፣ አህያና ጅብ መጎተት ጀመሩ። ቀበሮ እስሩ ላይ ወጥቶ ጉብ አለ።

«አንተስ አትጎትትም?» አለች አህያ እያለከለከች።

«እኔ ሚዛን ጠባቂ ነኝ። ከወረድኩ ይገለበጣል።»

የመጀመሪያው እስር ዳስ ገባ። ሲመለሱ ጅቡ የቁርበቱን ዳር ገመጠ።

«አያ ጅቦ! ምን ታኝካለህ?»

«ኧረ ዳሩ ተንጠልጥሎ እንዳያደናቅፈን ብዬ ነው፣ እመት አህያ!»

ልትቆጣው ፈለገች። ግን ለመቆጣትም ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ ያለቻት ትንፋሽ ደግሞ ለዳገቱም አትበቃም። «ይሁን፣ ትንሽ ናት» ብላ ተወችው።

በሁለተኛው ዙር ሌላውን ዳር ጎረሰ። በሦስተኛው የጭራውን በኩል ጨረሰ። በአራተኛው ቁርበቱ መሀረብ አከለ። አህያዋ ሁሌም አየች፣ ሁሌም ደከማት፣ ሁሌም ዝም አለች።

አምስተኛውን እስር ይዘው ዳገቱ መሀል ሲደርሱ፣ ጅቡ ዞር ብሎ ገመዱ የታሰረበትን ቀዳዳ ዋጠው። እስሩ ቀበሮን እንደያዘ ቁልቁል ተንከባለለ።

«ሚዛኑን ጠብቅ እንጂ!» ብላ ጮኸችበት አህያዋ።

ቀበሮ ከዳገቱ ስር እሾህ ለብሶ ወጣ። «ቀጠሮ ነበረኝ ለካ» ብሎ እያነከሰ ተሰወረ። ጅቡም የተረፈችውን ቁርበት ጨርሶ፣ ሆዱ ስለከበደው ከዛፍ ስር ተጋደመ።

የቀሩትን ሦስት እስሮች ማን ያውጣቸው? ያው ያቺው ጀርባ። አሥር እርምጃ ሄዳ ትንበረከካለች፣ ትነሳለች፣ ደግሞ ትንበረከካለች። ሁለቱን አስገባች። ሰባተኛውን ልታመጣ ስትወርድ ዝናቡ ቀደማት፤ ድርቆሹ ዓይኗ እያየ በሰበሰ። ተመልሳ ዳሱ ውስጥ፣ ቁርበት በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ወደቀች።

ገና ዓይኗን ስትከድን ጅቡ ብቅ አለ።

«እመት አህያ፣ ሥራው አለቀ አይደል? ቁርበቴን አምጪያ!»

«ሆድህን ጠይቀው» አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ።

ጅቡ ወደ ሆዱ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። «ምንም አልደረሰኝም ይላል።» ከዚያ ቀና ብሎ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አያት። «ለነገሩ... አንቺም ቁርበት ለብሰሻል።»

አህያዋ ያን ሁሉ ድካም ተሸክማ ተነስታ ሮጠች። እስከ ዛሬም አላረፈች፤ ጅብም እስከ ዛሬ «ቁርበቴን!» እያለ ከኋላዋ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ደክሞን ዝም ብለን ያሳለፍነው ትንሽ ጥፋት ውሎ አድሮ ከሥራው ሁሉ የባሰ እንደሚያደክመን ነው።