ልጁን ለዝውውር ያቀረበው አባት

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበር። ስሙ ጓንጉል ይባላል። የሚኖረው ዝግባ በር በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ከወፍጮው ይበልጥ የሚታወቀው የከተማዋ የገና ጨዋታ ቡድን ደጋፊዎች ሰብሳቢ በመሆኑ ነበር።

በዚያ አገር የገና ጨዋታ ለበዓል ብቻ ተጫውተው የሚተዉት ነገር አይደለም። አዝመራው ከተሰበሰበ ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ከተሞቹ መለያ ለብሰው፣ ዳኛ አቁመው በየእሑዱ ይገጥማሉ። ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየመቱ ከተቃራኒ ግብ ውስጥ ማስገባት ነው ጨዋታው። ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ለተጫወተው ግን የቅልጥም፣ የትንፋሽና የልብ ፈተና ነው።

የዝግባ በር ቡድን በዚያ ዓመት በውድድሩ መጀመሪያ ደጋግሞ ተሸነፈ። አንድ ጊዜ ያገባና ሁለት ጊዜ ይገባበታል፤ ሁለት ያገባና ሦስት ይገባበታል። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ደጋፊዎቹ በወፍጮ ቤቱ ግቢ ይሰበሰባሉ። በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው ዳኛውን ያማሉ፣ ሜዳውን ያማሉ፣ አሰልጣኙን እፊቱ ያማሉ። በመጨረሻ ወሬው ወደ አንድ ነገር ያዘነብላል፤ ማንን ሰጥተን ማንን እናምጣ?

የውድድሩ ደንብ በአጋማሹ ላይ ሁለት ቡድኖች ከተስማሙና ተጫዋቾቹ እሺ ካሉ፣ አንድ አንድ ሰው እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል። ከወንዙ ባሻገር ያለችው የድልድይ ማዶ ከተማ ቡድን ደግሞ አጥቂ እንደቸገረው፣ ቢራራ የሚባለውን ጎበዝ ተከላካዩን እንኳ ለመስጠት እንደማይጠላ ተሰምቷል። ስለዚህ በዚያ እሑድ ግቢው ከሌላው ጊዜ የበለጠ ሞልቶ ነበር።

በመጀመሪያ የተናገረው ልብስ ሰፊው ቢያድግልኝ ነው። ቢያድግልኝ በሕይወቱ ዱላ ጨብጦ አያውቅም፤ ስለ ጨዋታው ግን የማያውቀው የለም።

«ተጠባባቂ ከሆኑት ሁለቱን እንስጣቸውና ቢራራን እንቀበል» አለ። «ሁለት ሰው በአንድ ሰው። ለእነሱ ትርፍ ነው።»

«ደንቡ አንድ በአንድ ነው የሚለው» አለው አጠገቡ የተቀመጠው። «ደግሞስ ድልድይ ማዶዎች ሞኝ መሰሉህ?»

አንዱ በረኛውን እንስጥ አለ፤ ሌላው በረኛው የክርስትና ልጄ ነው ብሎ ተቆጣ። አንዱ የመሐል ሜዳውን ልጅ ጠራ፤ የልጁ አጎት ከኋላ ተነሥቶ ቆመ። እንዲህ እየተባባሉ ብዙ ቆዩ። የተጠራው ስም ሁሉ የአንዱ ወንድም፣ የአንዱ አማች፣ የአንዱ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ።

ጓንጉል እስኪደክማቸው ጠበቀና ጠየቃቸው። «የጎደለን ምንድን ነው?»

«ተከላካይ» አሉ ሁሉም።

«የተረፈንስ?»

መልሱን የማያውቅ አልነበረም። የተረፋቸው አጥቂ ነው። ሁለት ጎበዝ አጥቂዎች አሏቸው፤ ሁለቱም የሚጫወቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። አንደኛው ሙሉሰው ይባላል። ወላጆቹ ሞተውበት ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣ፣ በእንጨት መሰንጠቂያው የሚሠራ ወጣት ነው። ሁለተኛው ይበልጣል ነው፤ የጓንጉል ልጅ።

ቢያድግልኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው ሙሉሰው ይሂዳ። እሱ ደግሞ እዚህ ምን የሚይዘው አለ?»

ግቢው በአንድ ጊዜ ቀለለው። ጭንቅላቶች ተነቀነቁ። ለበረኛው የተቆጣው ሰው አልተቆጣም፤ የመሐል ሜዳው ልጅ አጎትም ከተቀመጠበት አልተነሣም። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ጓንጉል ግን የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ ተመለከተ። «እስካሁን ስሙ በተጠራ ሰው ሁሉ ተጣልተናል» አለ። «በዚህ ልጅ ግን ማንም ቃል አልተነፈሰም። ለምን ይመስላችኋል?»

«እዚህ ጆንያ ላይ የተቀመጠ አባት ስለሌለው ነው» አለ ጓንጉል። ከዚያ ጥግ ላይ ወደ ቆመው አሰልጣኝ ዞረ። «አሰልጣኝ አየልኝ፣ ከሁለቱ ለቡድኑ የሚበጀው ማን እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ እዚህ እንደሌለሁ አድርገህ ተናገር።»

አሰልጣኙ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «ጋሼ ጓንጉል፣ ይበልጣል ጎበዝ ልጅ ነው» አለ።

«እሱን አውቃለሁ። የጠየቅኩህ ሌላ ነው።»

«ሩሯን ስንነጠቅ ሙሉሰው ወደ ኋላ ይመለሳል። ተከላካዮቹን ያግዛል። አንዱ ብቻ እዚህ ይቅር ካሉኝ… እኔ ሙሉሰውን አስቀር ነበር።»

«እንግዲህ ይበልጣል ይሂድ» አለ ጓንጉል። «እሺ ካለ።»

የዚያን ቀን ስብሰባ ከሌላው ጊዜ ፈጥኖ ተበተነ።

ጓንጉል ወደ ቤቱ ሲገባ ይበልጣል ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የዱላውን እጀታ በቆዳ ይጠቀልል ነበር። አባትየው አጠገቡ ተቀመጠ። ነገሩን ሳያለሳልስ ነገረው።

ልጁ መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሐሳቡን ያቀረበው ማን ነው?»

ጓንጉል ደጋፊዎቹ ናቸው ማለት ይችል ነበር። አሰልጣኙ ነው ቢልም ውሸት አይሆንበትም። «እኔ ነኝ» አለ።

የይበልጣል እናት እናትነሽ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። «የሰው አባት ለልጁ ይሟገታል» አለችው። «አንተ የገዛ ልጅህን አውጥተህ ትሰጣለህ? ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የእኛ ልጅ ብቻ ነው የታየህ?»

«ሙሉሰው ይሂድ ሲሉ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ ጓንጉል። «ደስ እንዳለኝ ሲገባኝ ነው ያፈርኩት። በዚያ ደስታ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ነገ የልጁን ዓይን እንዴት ነው የማየው?» ወደ ልጁ ዞረ። «አልሄድም ማለት ትችላለህ። ደንቡ ይፈቅድልሃል። እኔም አልቀየምህም።»

ይበልጣል ዱላውን አንሥቶ ተነሣ። «አባቴ የማይፈልገኝ ቡድን ውስጥ ምን እሠራለሁ?» አለ። በማግስቱ ልብሱን በከረጢት አድርጎ ድልድዩን ተሻገረና ድልድይ ማዶ ከምትኖረው አክስቱ ቤት ገባ።

ቢራራ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ተከላካይ ነው። እሱ ከኋላ ሲቆም ሙሉሰው ከፊት እንደ ልቡ መሮጥ ጀመረ። ዝግባ በር በመጀመሪያ አቻ ወጣ፤ ከዚያ አሸነፈ፤ ከዚያ ደግሞ አሸነፈ። የወፍጮ ቤቱ ግቢ በሳቅ ተሞላ። ቢያድግልኝ ዝውውሩን ከመጀመሪያው ያሰበው እሱ እንደሆነ ለመጣ ለሄደው ይናገር ጀመር። ጓንጉል ግን በዚያ ሳቅ መሐል ብዙም አይታይም ነበር። ማታ ማታ ከሚስቱ ጋር ሁለቱ ብቻ ለራት ይቀርባሉ፤ ከራቱም ብዙ አይበሉም። ልጁ እንደሄደ ወሬውን እንኳ አልላከም።

ይበልጣል ድልድይ ማዶ የጠበቀውን አላገኘም። በዝግባ በር ሳለ ጓደኞቹ ሩሯን ሳይጠይቅ ያቀብሉት ነበር፤ የሰብሳቢው ልጅ ስለሆነ ይሁን ጎበዝ ስለሆነ እሱም አስቦበት አያውቅም። እዚህ የሚያቀብለው የለም። በመጀመሪያው ጨዋታ ሜዳ ዳር ተቀምጦ ዋለ። በሁለተኛው ገብቶ ሩሯን ሳይነካ ወጣ ማለት ይቻላል። አክስቱ ወደ ቤትህ ተመለስ አለችው። እሱ ግን አልተመለሰም። ማልዶ እየተነሣ በወንዙ ዳር ባለው አሸዋ ላይ ይሮጥ ጀመር። ሩሯን ሲነጠቅ እጁን አንሥቶ መነጫነጩን ተወና ተከትሎ መሮጥ ለመደ። ቀስ በቀስ አዲሶቹ ጓደኞቹ አመኑት። እህል ሊያስፈጩ ድልድዩን ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች «ልጅዎ ሰው ሆኗል እኮ» ይሉት ነበር ጓንጉልን። እሱም አመስግኖ ዱቄታቸውን ያሸክማቸዋል።

የውድድሩ መጨረሻ ደረሰ። ዝግባ በር ሌሎቹ ነጥብ ሲጥሉ እሱ እያሸነፈ መጥቶ ዋንጫውን ለማንሣት አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረው፤ የሚገጥመውም ከድልድይ ማዶ ጋር ነው። በዋዜማው ቢያድግልኝ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ ወፍጮ ቤቱ መጣ።

«ጋሼ፣ ይበልጣል የእኛው ልጅ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ቃል ቢልኩበት ምን አለ? ይሸነፍ አላልንም። ትንሽ ቀዝቀዝ ይበልልን ነው።»

ጓንጉል የወፍጮውን ሞተር አጠፋና በደንብ እንዲሰሙት ቀረብ አለ። «ልጄን ስሰጥ ግማሹን አስቀርቼ አይደለም» አላቸው። ሞተሩን መልሶ አስነሣ፤ እነሱም ወጥተው ሄዱ።

በጨዋታው ቀን እናትነሽ ከድልድይ ማዶ ደጋፊዎች መሐል ሄዳ ተቀመጠች። ጓንጉል ከዝግባ በር ሰዎች መሐል በቦታው ነበር። ሙሉሰው ቀድሞ አገባና ሜዳው ተናወጠ። ከእረፍት በኋላ ድልድይ ማዶ አቻ አደረገ። አቻ መውጣት ለዝግባ በር ይበቃው ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ተጫዋች ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ይበልጣል ሩሯን ይዞ ሲገሰግስ ቢራራ በትከሻው ገፋውና መሬት ላይ ጣለው። ጥፋት አልነበረም፤ ዳኛውም አልነፋም። ሩሯ ወደ ሌላ የዝግባ በር ተጫዋች ደረሰች። ይበልጣል ከአፈሩ ተነሣ። ጉልበቱ ይደማል። ሩሯን የያዘውን ልጅ ከኋላ ተከትሎ ደረሰበትና በዱላው ጫፍ ሹልክ አድርጎ ነጠቀው። ከዚያ ዞሮ እንደገና ወደ ቢራራ መጣ። ቢራራ በቀኝ ጠበቀው፤ እሱ በግራ አለፈና መታት። ገባች። ትንሽ ቆይቶ ፊሽካው ተነፋ።

በዝግባ በር በኩል ዝምታ ሆነ። ዋንጫው አመለጠ። አንዱ ከኋላ «የራሳችን ልጅ ጉድ ሠራን» ሲል ተሰማ። በዚያ ዝምታ መሐል ጓንጉል ተነሥቶ ቆመና ማጨብጨብ ጀመረ። መጀመሪያ ብቻውን ነበር። ከዚያ አሰልጣኝ አየልኝ አጨበጨበ፤ ከዚያ ጥቂት ሰዎች። ሌሎቹ ፊታቸውን አዙረው ወጡ፤ ቢያድግልኝም ከወጡት ጋር ወጣ።

ሜዳው ላይ ሙሉሰው ወደ ይበልጣል ሄዶ እጁን ያዘው፤ ብዙ ተነጋገሩ። ሲጨርሱ ይበልጣል እያነከሰ ወደ አባቱ መጣ። ከሄደ ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሰዎቹ አዝነውብሃል» አለው ልጁ።

«ያዘኑ አሉ» አለ ጓንጉል።

«ሙሉሰው ነገረኝ። እዚህ ከተማ ከመጣ ጀምሮ ለእሱ ብሎ አፉን የከፈተ ሰው አንተ ብቻ ነህ አለኝ። እሱ ይሂድ መባሉን እንጂ ማንም እንዳልተከራከረለት አላውቅም ነበር።» ይበልጣል ወደ አባቱ ቀረብ አለ። «አባዬ፣ እንዲህ እንደምሻሻል አውቀህ ነው የሰጠኸኝ?»

ጓንጉል አዎ ቢል ሁሉም ነገር በቀለለ ነበር። «አላወቅኩም» አለ። «ትወድቃለህ ብዬ እፈራ ነበር። እንቅልፍም አልነበረኝም። ግን ያኔ ትክክል የመሰለኝ እሱ ነው፤ ዛሬ ወድቀህ ባይህም ትክክል ነበር እላለሁ።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ፤ ጓንጉልም ቀና አድርጎ አቀፈው። እናትነሽ ከማዶ በኩል ሜዳውን አቋርጣ ስትመጣ ሁለቱም እንደተቃቀፉ ነበሩ።

ወዳጄ ሆይ፣ ሁላችንም የተዳከመ ነገር እንዲስተካከል እንፈልጋለን፤ ቡድናችን፣ መሥሪያ ቤታችን፣ ዕድራችን፣ አገራችን። ለውጥ ያስፈልጋል ስንል ሁላችንም እንስማማለን። ማን ይሂድ፣ ማን ይጎዳ ሲባል ግን ጣታችን የሚያመለክተው ዘመድ ወደሌለው፣ ስብሰባው ላይ ወዳልተገኘው፣ ስሙ ሲጠራ ማንም ወደማይቆጣለት ሰው ነው። ውሳኔው በቀላሉ ሲያልፍ ፍትሕ የሆነ ይመስለናል። ጓንጉል ዋንጫ አላመጣም። ያደረገው ነገር ቢኖር ለሌላው የሚፈርደውን ፍርድ መጀመሪያ በራሱ ቤት መፍረድ ነው፤ ከፈረደም በኋላ ለልጁ ብሎ ፍርዱን አላጎደለም፣ ለወገኖቹ ብሎ ልጁን አላጎደለም። እንዲህ ያለ ሰው በመሐላችን ሲገኝ ልናከብረው ይገባል፤ ብዙ አይገኝምና።

እስቲ ራስህን ጠይቅ፤ አንተ በተቀመጥክበት ስብሰባ በቅርቡ «እሱ ይሂድ» ተብሎ ማንም ያልተከራከረለት ሰው ማን ነበር? ያኔስ አንተ ምን አልክ?