የዕድሩ ጡሩንባና የዳኛው ታብሌት

አንድ አዲስ ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው የዕድር ዳኛ ነበር፤ አቶ ሽብሩ ይባላል። ታብሌት ከእጁ አይለይም። አንድ እሁድ በስብሰባ ላይ ብድግ አለና፣ ከእንግዲህ ሰው ሲሞትም ሆነ ድንኳን ሲተከል ጥሪው በስልክ ግሩፕ ብቻ ነው ብሎ አረፈው። ዕድሜ ልካቸውን ሰፈሩን እየዞሩ ጡሩንባ ሲነፉ የኖሩትን ጋሽ በዳዳንም አስጨብጭቦ አሰናበታቸው።

አንዳንድ አባላት እጃቸውን አወጡ። ግሩፑ በስልካችን አይከፈትም፣ መሣሪያው አርጅቷል ይለናል አሉ። አቶ ሽብሩ ሳቀባቸው፤ ከዘመኑ ጋር መሄድ የማይፈልግ ሰው ሰበብ አያጣም አላቸው። ከዚያ ወዲህ ጥሪ ሳይደርሳቸው ለቅሶ ሲቀሩ፣ በሰው ፊት ትዕቢተኞች እያለ ያሸማቅቃቸው ጀመር። የገዛ ታብሌቱ ደግሞ ስንቴ አድሰኝ ብሎ ለምኖታል መሰላችሁ! እሱ ግን "በኋላ" የምትለዋን እየነካ ያልፋል። በመጨረሻ ታብሌቱ ልመናውንም ተወ፤ ለካ መታደስ የማይችልበት ዕድሜ ላይ ደርሶ ኖሯል።

የአንድ ልጁ የፍሬሕይወት ሰርግ ደረሰ። አቶ ሽብሩ ዋዜማውን "ነገ ማለዳ ድንኳን ተከላ፣ ማንም እንዳይቀር" ብሎ ግሩፑ ላይ ጻፈና ደስ ብሎት ተኛ።

ሲነጋ ግን ዝር ያለ ሰው የለም። ድንኳኑ እንደተጠቀለለ፣ ድስቶቹ እንደተደፉ ናቸው። ሙሽራው ከነአጃቢው ቀትር ላይ ከተፍ ይላል። አቶ ሽብሩ ደሙ ፈላ። ሰፈሩ ጠልቶኛል፣ ልጄን በሰርጓ ቀን ሊያዋርዱብኝ ነው እያለ የጎረቤቱን የወይዘሮ አመለወርቅን በር ደበደበው። እሳቸውም ኩርፍ ብለው ነው የከፈቱት። ስላልጠራኸን አዳራሽ ተከራይቶ ነው ብለን ተቀየምንህ እንጂ ሌላ ምን እናድርግ አሉት።

ፍሬሕይወት ከቤት ወጥታ ታብሌቱን ከእጁ ተቀበለችውና አየችው።

"አባዬ፣ መልእክትህ እኮ አልሄደም። 'መሣሪያው ስላረጀ አይሠራም' ይላል።"

አቶ ሽብሩ ክው አለ። አባላቱ ሲነግሩት የሳቀባቸው በዚሁ ቃል ነበር።

እየሮጠ ጋሽ በዳዳ ቤት ገባ፤ ይንፉልኝ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሽማግሌው አነሡትና ጡሩንባቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የሞት ነው። ለሰርግ ተነፍቶ አያውቅም።"

"ግድ የለም ጋሼ፣ ይንፉት። ለሰዉ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።"

ተነፋ! ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሞተ እያለ አቶ ሽብሩ ደጅ ደረሰ። እነዚያ ትዕቢተኞች የተባሉት ከሁሉ ፊት ነበሩ። አቶ ሽብሩ እንባው እየመጣ መሀላቸው ቆመ።

"የሞተ ሰው የለም፤ የሞተው ታብሌቴ ነው። ለቅሶ ያስቀራችሁ ስልካችሁ እንጂ ልባችሁ እንዳልነበረ ዛሬ ገባኝ። ይቅር በሉኝና ልጄን ዳሩልኝ።"

ወይዘሮ አመለወርቅ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ነጠላቸውን ገልብጠው እልል አሉ። ሁሉም ነጠላውን ገለበጠ! አንዱ ገመድ ይጎትታል፣ አንዱ ምሰሶ ያቆማል፣ እሳቱ ይያያዛል። ሙሽራው ሲደርስ ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጋሽ በዳዳም ደጁ ላይ ጉንጫቸውን ነፍተው ለሰርግ ጡሩንባ እየነፉ ነበር።

ወዳጆቼ፣ አዲስ ነገር መልካም ነው፤ አቶ ሽብሩም ግሩፑን አልዘጋውም። ጋሽ በዳዳን ግን ወደ ሥራቸው መለሳቸው። ስልክ ያረጃል፣ ሶፍትዌርም ያረጃል፤ በዚህ ምክንያት ከጥሪያችን የቀረን ሰው ንቆን ነው ብለን አንፍረድበት። ከእናንተ ግሩፕ ድምፁ የጠፋ ሰው አለ? እስቲ ዛሬ ደጁ ድረስ ሄዳችሁ አንኳኩለት፤ ማን ያውቃል፣ እሱም እናንተ የተቀየማችሁት መስሎት ተቀምጦ ይሆናል።