የተረፈችው ክፍል

በአንድ ወቅት፣ ክረምቱ በጠናበት ዓመት፣ ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር በተጠጋ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራዮች ይኖሩ ነበር። እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዐይናቸው ከጠፋ እናቱ ጋር ይኖራል። ጥሩዬ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች ጡት የሚጠባ ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። አስረስ ግንበኛ ነው፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።

ግቢው የጋሼ ፈለቀ ነው። ሐምሌ መግቢያ ላይ መጥተው ኪራዩን እጥፍ አደረጉት። ዝናቡ ሥራ ቀንሶባቸው የድሮውንም የሚከፍሉት ከአፋቸው ነጥቀው ነበርና ሦስቱም አንችልም አሉ።

«የማይችል ይልቀቅ። ካልለቀቃችሁ ቆርቆሮዬን አነሳለሁ» አሉ ጋሼ ፈለቀ።

እንዲያው ለማስፈራራት የተባለ አልነበረም። አምና በታችኛው ግቢያቸው እንዲሁ ጣሪያ አስነስተው፣ አንድ ሽማግሌ እርጥብ ፍራሽ ላይ እንደተኙ ብርድ ገድሏቸዋል። ስለዚህ ውጭ መሰላል የሚመስል ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር በግቢው ወሬ ይቆም ነበር።

እንድሪስ ሹም ፊት ሲቆም ምላሱ የሚተሳሰር ሰው ነው። ቢሆንም ሌሎቹ «እሳቸውን ከሰን የት እንገባለን?» ብለው ሲያፈገፍጉ፣ ብቻውን ቀበሌ ወርዶ በሦስቱም ስም ለማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ አመለከተ። ዳኞቹ ክረምቱ እስኪወጣ ማንም እንዳያስወጣቸው አዘዙ።

ጋሼ ፈለቀ ትእዛዙን ሲሰሙ «ከሳሼ አንተ ነህ?» ብለው እንድሪስን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ወዲህ እንድሪስ የስፌት መኪናውን ከበረንዳው አስገብቶ፣ በሩን ቀርቅሮ መስፋት ጀመረ። ሐምሌ ግን በሰላም አለፈ።

ነሐሴ ላይ ችሎቱ ለዕረፍት ተዘጋ። ጋሼ ፈለቀም እስኪከፈት ድረስ የተነሳ ጣሪያ ማን ይመልሳል ብለው፣ አንድ አርብ ሠራተኞችና መሰላል ይዘው መጡ። እንድሪስ እናቱን ይዞ ጁምዓ ሄዷል፤ አስረስ ሥራ ላይ ነው፤ ሚስቱም ለእርግዝና ምርመራ ሐኪም ቤት ናት። ሰዎቹ መጀመሪያ የእንድሪስን፣ ቀጥለው የአስረስን ክፍል ገፈፉ። ጥሩዬ ምስማሩ ሲነቀል በግድግዳው በኩል ትሰማለች። ልጇን አቅፋ መሮጥ ትችል ነበር፤ እሷ ግን ወለሉ መሀል ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ውጪ። ምስማር ይወድቅብሻል» አላት ከጣሪያው ላይ ያለው ሰው።

«አልወጣም። ከወደቀም እኔና ልጄ ላይ ይውደቅ።»

አንድ ቆርቆሮ ተነሳ። ዝናቡ ሕፃኑ ፊት ላይ ሲወርድ ሰውየው ቁልቁል አየ። ከዚያ ቆርቆሮውን መልሶ መታና ወረደ። «እኔ ይሄን አልችልም፣ ጋሼ» አለ። ጓደኞቹም ተከተሉት።

«ነገ የሚችል አመጣለሁ» አሉ ጋሼ ፈለቀ።

አስረስ ከሥራ ገብቶ ይህን ሲሰማ በቀጥታ ወደ ጋሼ ፈለቀ መኖሪያ ሄደ። ከቤታቸው ጀርባ ገደሉን ደግፎ የያዘው የድንጋይ ግንብ በዝናብ አብጦ ወደ ቤቱ አዘንብሏል፤ ያዩት ግንበኞች ሁሉ ሥሩ መግባት ፈርተው ተመልሰዋል።

«ግንቡን አቆምልዎታለሁ። በምትኩ ጣሪያ አይነሳ፤ ኪራዩም በድሮው ይሁን።»

«እሺ፤ ግን ቢናድብህ እኔ የለሁበትም።»

«ይሁን» አለ አስረስ።

ሚስቱ አልቅሳ ለመነችው። እሱ ግን ሥሩ ገብቶ ድንጋይ እያወጣ ድንጋይ ሲተካ ሰነበተ። ጭቃው ከላይ እየተንሸራተተ አንገቱ ላይ ይወርዳል፤ ግንቡ ሲንቀሳቀስ እስትንፋሱን ይዞ ይጠብቃል። ሊጨርስ ሲል አንድ ድንጋይ ከድቶ የቀኝ እጁን ጣቶች ጨፈለቃቸው። ግንቡ ግን ቆመ።

በዚያ ሰሞን ሁሉም የሚያድሩት በጥሩዬ ክፍል ተጨናንቀው ነበር። ግንቡ ባለቀ ማግስት ጋሼ ፈለቀ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ቃሌ ቃል ነው፤ ኪራዩ በድሮው ይሁን። የተረፈችው ግን ይህቺው ናት። የሌሎቹን ቆርቆሮ ሸጬዋለሁ። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ክፍል አላኖርም። እስከ ነገ ከእናንተ የሚቀረውን ምረጡ፤ ካልመረጣችሁ ሁላችሁም ትወጣላችሁ» ብለው ሄዱ።

«እኔ ባልከስ ኖሮ ሐምሌ ላይ ሁላችንም ሜዳ ላይ ነበርን» አለ እንድሪስ። «አሁን ከሳሽ ተብያለሁ። በዚህ ሰፈር ከእንግዲህ ማን ያከራየኛል?»

«እኔ ባልቀመጥ ዛሬ የምንነጋገርበት ክፍል አይኖርም ነበር» አለች ጥሩዬ። «ክፍሉም የኔው ነው።»

አስረስ የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ «እኔ ግንቡ ሥር ባልገባ ይህም ጣሪያ በማግስቱ ይነሳ ነበር» አለ። «በዚህ እጅ ምን ሠርቼ ሌላ ቤት እይዛለሁ?»

እስከዚያች ሰዓት አብረው የሚፈሩት ጋሼ ፈለቀን ነበር። አሁን ግን እንድሪስ እናቱን ወደ ራሱ አስጠጋ፤ ጥሩዬ ልጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ ወሯ የገባው የአስረስ ሚስት ከበሩ ዐይኗን አልነቀለችም። የወጣ ተመልሶ የሚገባ ስላልመሰላቸው፣ ውሃ ለመቅዳት እንኳ የተነሳ ሰው የለም።

እንግዲህ የሦስቱንም ሰምታችኋል፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። ነገ ጋሼ ፈለቀ ሲመለሱ በዚያች ክፍል መገኘት የሚገባው ማን ነው?