በሌላ ሴት ልክ የተሰፋ ቀሚስ

አንዲት ሴት ነበረች። ቁመቷ ከወንድሞቿ እኩል፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። ሥራዋ አዋላጅ ነርስ ነው። ብዙነሽ እንበላት። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል። በዚህ ዕድሜ ላላገባች ሴት ሰፈሩ ምን እንደሚላት ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ብላችኋል፣ አትደብቁኝ!

ታከለ የሚባል መምህር ለትዳር ጠየቃት። ጨዋ ሰው ነው፣ ሐሜት የለበትም። ከእሷ በፊት ግን ሮማን የምትባል ደቃቃ፣ አጠር ያለች ልጅ አጭቶ ነበር። ሮማን ትታው ሌላ ሰው አገባች፣ ሐዋሳ ገባች፣ ሁለት ልጅ ወለደች። እሷ ረሳችው። እሱስ? እሱ አልረሳም።

ካፌ ሲገቡ ብዙነሽን ሳይጠይቅ የአቮካዶ ጁስ ያዝዝላታል። አቮካዶ የምትወደው ማን ነበረች? ሮማን! ብዙነሽን ሽታው እንኳ ያንገሸግሻታል። ግን "ይለመዳል" ብላ ትጠጣለች። ወገኖቼ፣ ስንቱን ነገር ነው ይለመዳል እያልን የጠጣነው?

የጥሎሽ ቀን ደረሰ። እኔም ከወንዱ ወገን ሽማግሌዎች አንዱ ሆኜ ሄድኩ። ሚዜው በሴቷ አባት ሳሎን መካከል ሻንጣውን ከፈተና ስጦታውን አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር። "አልታየንም! ከፍ አድርገው!" ይላሉ የሴቷ ወገኖች። ከፍ ያደርገዋል። እልልታው ይቀልጣል። በመጨረሻ የሐበሻ ቀሚሱን አነሳ። ጥበቡ ዓይን ያፈዝዛል! ሴቶቹ ተቀብለው ሙሽራዋን ሊያለብሷት ወደ ጓዳ አስገቧት።

ጠበቅናት። አልወጣችም። ከጓዳ የአክስቷ የእትዬ አሰገደች ድምፅ ይሰማናል፦ "ሆድሽን ሳብ አድርጊ! እጅሽን እጠፊው! ትንፋሽሽን ያዢ እስቲ!"

ኋላ ብዙነሽ በገዛ ልብሷ ወጣች። ቀሚሱን አጣጥፋ ይዛዋለች።

"ታከለ፣ ልኬን ከየት አመጣኸው?" አለችው።

"አውቀዋለሁ ብዬ ነው።"

"ለክተኸኝ ታውቃለህ? ጠይቀኸኝስ ታውቃለህ?"

  ታከለ አንገቱን ደፍቶ እውነቱን ተናገረ፦ "ልብስ ሰፊው ልኳን ንገረኝ ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው የሮማን ነው። ሌላ አልመጣልኝም።"

አያችሁ? ቀሚሱ አዲስ ነው። ገና ከልብስ ሰፊው ቤት መውጣቱ ነው። ገንዘቡ አዲስ፣ ሚዜው አዲስ፣ ሙሽራዋም አዲስ። ልኩ ብቻ የድሮ ነው!

እትዬ አሰገደች ከጓዳ ሮጠው ወጡ። "ኧረ ልጄ፣ ለአንድ ቀሚስ ብለሽ! በጎንና በጎኑ ጨርቅ እናስጨምርበታለን። ይሄ ከሄደ ማን ይመጣልሻል?"

"እትዬ፣ ቀሚሱን ብታሰፉልኝ ነገ ቤቱ ይጠበኛል" አለች። የእጮኝነት ቀለበቱንም አውልቃ ከቀሚሱ ላይ አስቀመጠችው።

 አባቷ አቶ ክንፉ ቀስ ብለው ተነሡ። "የልጄ ቃል የእኔም ቃል ነው። ዕቃችሁን በክብር ውሰዱ" አሉ።

የወንዱ ወገን ነኝና ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን ኮራሁ! እውነቴን ነው፣ የራሴን ልጅ ያህል ኮራሁባት። የቆጨኝ ዶሮ ወጡን ሳልቀምስ መውጣቴ ብቻ ነው።

በሩ ላይ ታከለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ "ይቅር በይኝ" አላት።

"ይቅር ብዬሃለሁ። ግን አላገባህም።"

ይህቺን ቃል ያዙልኝ። ይቅር ማለትና ራስን መጣል አንድ አይደሉም። እናንተ ግን ይቅር ባይ ለመባል ስትሉ ስንት ዓመት ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ኖራችሁ?

ታከለን አትርገሙት። ክፉ አይደለም። ግን ከመካከላችሁ ስንቱ ታከለ ነው? እግዚአብሔር አዲስ ሰው ሰጥቷችሁ፣ አዲስ ቀን ሰጥቷችሁ፣ ዛሬም ከሄደው ጋር ትነጋገራላችሁ። ሚስትህ ፊትህ ተቀምጣ ሌላ ሴት ትፈልግባታለህ። ባልሽ ደክሞ ገብቶ "የእገሌ ባል እኮ" ትይዋለሽ። ተው! ተይ! የሄደውን በሰላም ሸኙትና ፊታችሁ ያለውን ሰው እዩት።

አንቺስ ልጄ፣ ራስሽን አሳንሰሽ የምትኖሪው እስከ መቼ ነው?

ብዙነሽ ዛሬም አላገባችም። "ቆማ ቀረች" የሚሏት አሉ። ዛሬ እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች... እንዳትዞሩ! ፊታችሁን ወደዚህ! አልቀረችም እላችኋለሁ። በየሌሊቱ የሰው ልጅ በእጇ ትቀበላለች፣ ገብታ የምትተኛውም በሙሉ ትንፋሽ ነው።

እግዚአብሔር እናንተን ሲሠራ የማንንም ልክ አልተዋሰም። እስቲ ቀና በሉ! ቀና በሉ እንጂ!