የሰማዩ ዓይንና የይቅርታው ድንጋይ

በአንድ ወቅት፣ ሰማይ ላይ ዓይን የሰቀለ አንድ ከተማ ነበር። ዓይኑ ሳተላይት ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጠላት ሚሳኤል ሲተኩስ የእሳቱን ሙቀት አይቶ ይናገራል። ሚሳኤሉ ከተማው እስኪደርስ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ስምንት ደቂቃ ደግሞ ሰው ሁሉ ምሽግ ለመግባት ይበቃዋል።

ዓይኑን የሚጠብቁት ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ታላቂቱ ትርንጎ ሳተላይቱ የትኛውን ቦታ እንደሚያይ ታዛለች። ማንደፍሮ ምስሉን መርምሮ ሚሳኤል ነው፣ አይደለም ብሎ ይፈርዳል። ታናሺቱ ስንዱ የአደጋውን ጡሩምባ ታስጮሃለች።

ታዲያ የማዶ ገበሬዎች በየዓመቱ ከዝናብ በፊት የእርሻቸውን ገለባ ያቃጥላሉ። አምና ዓይኑ የገለባውን እሳት ሚሳኤል አለው፤ ጡሩምባው ጮኸ፤ ሕዝቡ የምሽጉ ደረጃ ላይ ሲጋፋ አንዲት ነፍሰ ጡር ተረግጣ ሞተች። ሦስቱ ቀብሯ ላይ ቆመው፣ «ዳግመኛ በከንቱ ሰው አንገድልም» ተባባሉ።

ዘንድሮም ገለባው የሚቃጠልበት ወር ደረሰ።

ትርንጎ ማንንም ሳታማክር፣ የሚነደውን ሸለቆ ዓይኑ እንዳያየው ከለለችው። የሟቿ ፊት ከዓይኗ አልጠፋ ብሏት ነበር። ሐሙስ እኩለ ቀን፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ሚሳኤል ከዚያው ሸለቆ ተነሣ። ዓይኑ ያየው ሸለቆውን የከበበውን ተራራ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት ደቂቃ ሄደ።

ማንደፍሮ ከቀብሩ ወዲህ ሁለት ምስል ሳያይ አይፈርድም።

«ማንዴ፣ ይሄ ገለባ አይደለም! ሽቅብ እኮ ነው የሚሄደው!» አለች ትርንጎ።

«እትዬ፣ ሁለተኛው ምስል ይምጣ።»

«እስኪመጣ እናልቃለን!»

«አምናም እንዲሁ ብለሽ ነበር» አለና የጡሩምባውን ቁልፍ በመዳፉ ሸፈነው። ምስሉ ሲመጣ ፊቱ አመድ መሰለ። ሌላ ሁለት ደቂቃ ሄደ።

ስንዱ አራት ደቂቃ ቀራት። የምሽጉ ደረጃ አንድ ብቻ ነው። «ሁሉንም ባንዴ ብጠራቸው ደረጃው ይበላቸዋል» ብላ አስቀድማ የትምህርት ቤቱን ጡሩምባ ብቻ አስጮኸች። ልጆቹ ተሰልፈው ገቡ፤ አንዱንም እንቅፋት አልመታውም። የገበያውን ስታስጮኽ የቀረው ሁለት ደቂቃ ነበር። ገበያተኛው መንገድ ላይ ሳለ ሚሳኤሉ ወደቀ። ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርንጎ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የሚታያት እሳቱ አይደለም፤ በገዛ እጇ የከለለችው ጥቁር ቦታ ነው። መንገድ ላይ ሰላም የሚላት ሰው ድምፅ ሁሉ ከዐሥራ ዘጠኙ የአንዱ ይመስላታል። እንቅልፍ ከቤቷ ወጣ።

በአገሩ ልማድ ደም ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ደጃፍ ይወድቃል፤ ይቅር ሲባል ድንጋዩ ይወርድለታል። ሦስቱም ድንጋያቸውን ተሸክመው፣ ሽማግሌ አስቀድመው፣ ገበያ የወጡ ሁለት ልጆቿ ወደሞቱባት ወይዘሮ ያለምዘውድ ሄዱ። ሐዘንተኛው ሁሉ ስለ እሱም ሆና እንድትፈርድ ቃሉን ሰጥቷታል።

«ደቦ ወጣችሁ እንዴ?» አለቻቸው። «ጥፋት ለሦስት ሲካፈል ላባ ይሆናል። አንዳችሁ ብቻ ተሸክማችሁ ኑ። ያን ሰው ከልቤ ይቅር እለዋለሁ። የቀራችሁት ግን እስክትሞቱ ደጄን እንዳትረግጡ።»

ከአጥሩ ውጭ ድንጋዮቹን አውርደው አንዱን ብቻ መሐላቸው አስቀመጡ።

«የኔ ነው» አለች ትርንጎ። «ዓይኑን ያሳወርኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ጮኸሽብኛል» አለ ማንደፍሮ። «እየሰማሁ እጄን ያላነሣሁት እኔ።»

ስንዱ በምሬት ሳቀች። «እናንተ ያባከናችሁት ደቂቃ ነው። እኔ ሰው መረጥኩ።»

«ልጆቹን አድነሽ የለም ወይ?» አለቻት ትርንጎ።

«እነሱ እናቶቻቸውን ሲጠይቁኝስ ምን ልበል?»

ሽማግሌው ሦስቱንም አዩአቸው። «ለመሆኑ የምትሻሙት ጥፋቱን ነው ወይስ ምሕረቱን?»

 ትርንጎ የራሷን መልስ ታውቀዋለች፤ አንድ ሌሊት መተኛት ፈልጋለች። ያን እንቅልፍ ካገኘች ደግሞ ወንድሟና እህቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጡታል። እጇን ወደ ድንጋዩ ዘረጋች፤ የሁለቱም እጆች እዚያው አገኟት።

ወይዘሮ ያለምዘውድ በሯን አልዘጋችም፤ ደጃፏ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፦ ድንጋዩ የሚገባው ለማን ነው?