በአስረስ ደጅ ያለፈችው ታንኳ

በእኛ አገር፣ ከጣና ዳር ባለው ሜዳ፣ መከራውን ዋጥ አድርጎ «ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ሲያጋጥም ሽማግሌዎች የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። ከተማ የገቡት ልጆቻችን ዛሬ ይስቁባታል፤ እንጀራ በቃኝ ላለ እንግዳ ሁሉ ይተርቷታል። እኔ ግን አልስቅም። መነሻዋን ከእትዬ ጥሩሰው አፍ ሰምቻለሁ፤ እሳቸውም ሲያወሩልኝ አንድም ጊዜ ፈገግ አላሉም።

ሜዳችን ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይተኛበታል። ወንዙ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ሐይቁም ወደ እኛ ይገፋል፤ ቤቶቹ በየጉብታቸው ላይ ለየብቻቸው ይቀራሉ። ያን ጊዜ መንገድ ስለሌለ ሰው በድምፅ ይጠያየቃል። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍታ ላይ አንዱ «እንዴት አደራችሁ?» ብሎ ይጣራል። የመጀመሪያው ቤት መልሱን ሰጥቶ ጥያቄውን ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ሜዳውን ይዞራል። የቸገረው ይናገራል፣ ታንኳ ያለውም ወደዚያ ይቀዝፋል። ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁንም አላገኘንም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እኛ ሰዎች «እንዴት አደርክ?» ስንባል የምንለው ይታወቃል። ወገቡ የተሰበረውም፣ ልጁን የቀበረውም፣ አፉ የለመደው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ማለትን ነው።

አስረስ የሚባል ገበሬ ነበር። ቤቱ ከእትዬ ጥሩሰው ቤት ቀጥሎ፣ ወደ ሜዳው ዳር ነው። ሚስቱ ትርፌ ትባላለች። ከእነሱ ጋር የአስረስ አባት አባ ቢሻው ይኖሩ ነበር፤ እግራቸውን ከያዛቸው ቆይቷል፣ ያለ ደጋፊ ከመደባቸው አይነሱም። አስረስ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቱን እንደ እንቁላል ነበር የሚይዛቸው። ብቻ ሰው ማስቸገር አይወድም፤ እሳት እንኳ ከጎረቤት ጭሮ አያውቅም። ቤቱን የሠራበትን ጉብታ በጀርባው አፈር እያመላለሰ ከሰው ሁሉ ጉብታ ከፍ አድርጎታል። በጋውን ሙሉም «እኔ ዘንድ ውሃ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ሲል ከርሟል።

ያን ዓመት ግን ውሃው መጣ። ዝናቡ ቀን ከሌት ሳያባራ ሰነበተ፣ ነፋሱም የጣሪያውን ሣር እየነቀለ ወሰደው። አስረስና ትርፌ ከቤታቸው ውስጥ ውሃ በቅል ሲጨልፉ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስተዋል። አባ ቢሻውን ቆጥ ላይ አውጥተዋቸዋል፤ ግን ጣሪያው ያፈሳል፣ የግድግዳው ጭቃም ከታች እየረጠበ መላላት ጀምሯል። ሽማግሌው ሳል ይዟቸዋል።

አንድ ጠዋት ጥሪው ሲዞር ተራው የእትዬ ጥሩሰው ሆነ። በዚያው ሰዓት እንየው የሚባለው ባለታንኳ በአስረስ ደጅ ሊያልፍ እየቀዘፈ ነበር። የሌሎቹን ታንኳ ነፋስ ወስዶታል፤ የቀረችው የእሱ ብቻ ናት። ከአስረስ ወዲያ ባለው ቤት ሕፃናት አሉ ተብሎ ወደዚያ ይሄዳል።

«እናንተስ እንዴት አደራችሁ?» አሉ እትዬ ጥሩሰው።

አስረስ ውሃው ጉልበቱ ደርሶ፣ ቅሉን እንደያዘ ደጁ ላይ ቆሟል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» አለ።

እንየው መቅዘፊያውን ገታ አደረገ። «አባትህስ፣ አስረስ? ለአንድ ሰው ቦታ አለኝ» አለው።

«እሳቸውም ደህና ናቸው። ሕፃናቱን አድርስ።»

ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር ይላሉ እትዬ ጥሩሰው፤ ግን በዚያ ሰሞን ያልደከመው ማን ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ደክሞትም፣ አፍሮም ነው። ሕፃናት እያሉ የእኔን አስቀድሙ ማለት ነውር መሰለው። ያ የተኩራራበት ጉብታም ትዝ ሳይለው አልቀረም። እንየውም አለፈ።

ታንኳ ስል ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል የታሰረችውን ማለቴ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ጥቂት ካመላለሰ በኋላ ይከብዳል፣ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካላገኘ ይሰጥማል። እንየው ሕፃናቱን ከፍታው ላይ አድርሶ ታንኳውን ጎትቶ ሲያወጣት እሱም እሷም አልቆላቸው ነበር። ፀሐይ ደግሞ የለችም።

ከቀትር በኋላ የአስረስ ቤት የጓሮ ግድግዳ ተናደ። ቆጡም አብሮ ወረደና አባ ቢሻው እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። አስረስ አባቱን አቅፎ አነሣቸው። እትዬ ጥሩሰው የናዳውን ድምፅ ሰምተው ምን ሆናችሁ ቢሉም አፉ አልፈታ አለው። ትርፌ ናት ወደ ደጅ ወጥታ የመለሰችው።

«ደህና አይደለንም። አባታችን ሊሞቱብን ነው፣ ድረሱልን።»

ቃሉ ከቤት ቤት እየተቀባበለ ከፍታው ላይ ደረሰ። እንየው ያችኑ የራሰች ታንኳ መልሶ ውሃው ላይ ጣላት። ሄደች ከማለት ተጎተተች ማለት ይቀላል፤ ግማሿ ሰጥማ ስትደርስ ፀሐይ መጥለቂያዋ ደርሷል። እስከዚያ ድረስ አስረስ አባቱን በክንዱ እንደያዘ ቆሞ ነበር። ሽማግሌውን አወጧቸው፣ ደረቅ ጋቢ ደረቡላቸው፣ እሳት አነደዱላቸው። ብርዱ ግን አንጀታቸው ገብቷል። ውሃው ከሜዳው ሳይጎድል አረፉ።

ሐዘን ሰውን ልብ ያሳጣዋል። አስረስ እንየው ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ አየና ተነሣበት።

«ቦታ እያለህ አባቴን ጥለሃቸው አለፍክ። ደማቸውን ካንተ እፈልጋለሁ» አለው።

እንየው አንገቱን ደፋ። መዳፉ በመቅዘፊያው ተልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እንዲህ ያለ ቃል በእኛ ዘንድ የዋዛ አይደለም፤ አንዴ በለቅሶ ላይ ከወጣ የልጅ ልጅ ያገዳድላል። ከለቀስተኛውም እንየውን በጎሪጥ ማየት የጀመሩ ነበሩ። የመንደሩ ሽማግሌ አለቃ ልሳኑ፣ እሳቸውም በዚያ ክረምት ቤታቸው ፈርሶባቸዋል፣ ድካም ባለው ድምፅ ያን ጠዋት በአስረስ ደጅ የተባለውን የሰማ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

እትዬ ጥሩሰው ሊናገሩ ሲሉ ትርፌ ቀደመቻቸው። በለቅሶ ብዛት ድምፅዋ ተዘግቷል፤ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፣ ቀናም አላለችም።

«ተወው አስረስ። እሱ ጠይቆሃል፤ እኔም ከኋላህ ቆሜ እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። ደህና ነኝ ላለ ታንኳ አይቆምለትም።»